ከደሴ ኮምቦልቻ በሞተርና በብስክሌት፦ ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ለሥራ የሚወርድ ሰው ይህን ሁሉ ከፍታ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያራግፈዋል። ሞተሩና ነጂው አንድ ላይ 200 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በዚያ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት አራት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሙቀት ወይ ወደ ንፋሱ፣ ወይ ወደ ሞተሩ፣ ወይ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ሁሉም ፍሬኑ ላይ ከተጫነ ፍሬኑ ይሰንፋል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰንፈው በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ፣ በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው።

ከቤት ሳትወጡ

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን በእጅ እየገፋችሁ መጀመሪያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን ፍሬን ለየብቻ ያዙ። እያንዳንዱ ብቻውን ጎማውን ማቆም አለበት። የኋላው የእግር ፍሬን መያዝ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከዚያ በላይ ከሰመጠ በማስተካከያው ዳዶ አጥብቁት። ዳዶው እስከ ጥርሱ መጨረሻ ተጠብቆም ፍሬኑ ከላላ ሸራው (ፍሬኑ ውስጥ እየታሸ የሚይዘው ልባስ) አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ይቀየራል እንጂ ሌላ ማጥበቂያ አይፈለግም።

ሰንሰለቱን መካከሉ ላይ በጣት ከፍና ዝቅ አድርጉት። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር መጫወት አለበት። በጣም የላላ ሰንሰለት ቁልቁለት ላይ ከጥርሱ ሊወጣና የኋላ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሊያስር ይችላል። በጣም የተወጠረው ደግሞ ሰው ሲጫን ኩሽኔታውን ይበላል።

የጎማ ንፋስ ሲነሱ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካል። ለትናንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ ይሆናል፤ ከኋላ ሰው ሲጫን ወደ 32 ከፍ ይላል። ትክክለኛው ልክ ግን ከሞተሩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ወይም ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ነው። የብስክሌት ጎማ ልኩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ጎሚስታ ቤት «ድንጋይ እስኪሆን ሙላልኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ ይህ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ በገዛ እጅ መንሸራተትን መግዛት ነው።

ብስክሌት ከሆነ የፍሬን ሽቦው መያዣው ሥር የሚገባበትን ጫፍ እዩ። አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ የቀረው በቅርብ ቀን ይከተላል። የፍሬን ላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ላስቲኩ አልቋል። ቸርኬውን ደግሞ በጨርቅ ጥረጉ፤ አንዲት ጠብታ የሰንሰለት ዘይት ፍሬኑን ከንቱ ታደርገዋለች።

የሕንፃ ሠራተኛ ቆብ ሄልሜት አይደለም። የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ነገር ነው፤ አስፋልት ላይ በጎን ለሚመታ ራስ አይጠቅምም። ሄልሜት ስታጠልቁ ጉንጭን ጨምቆ መያዝ አለበት፤ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙት ቆዳችሁ አብሮ ይንቀሳቀስ። ማሰሪያው ተቆልፎ በአገጭና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ያልታሰረ ሄልሜት ከራስ ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ቁልቁለቱ

ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል ሞተሩን በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መልቀቅ በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ፎሌ ላይ ሞተሩ ምንም አይዝም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የሚቆጠበው ቤንዚን ደግሞ ጥቂት ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ይባስ፤ በአንዳንዱ ሞተር መብራቱም አብሮ ይጠፋል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ያንኑ ቁልቁለት ሽቅብ ለመውጣት በሚያስፈልጋችሁ ማርሽ ውረዱ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሆናል። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሱ፤ ፍጥነት ከተያዘ በኋላ በአንድ ጊዜ ሁለት ማርሽ መጣል የኋላ ጎማውን ያንሸራትታል። ነዳጅ መስጠቱን ስትተዉ ሞተሩ እያጓራ ይይዛችኋል። ጩኸቱ አያስፈራችሁ፤ የሞተሩ ድምፅ ከቁጥጥር ካልወጣ ሥራውን እየሠራ ነው።

ፍሬን ሲያስፈልግ በደንብ ያዙና ልቀቁ። ከሐረጎ ጫፍ እስከ ታች ፍሬኑን በቀስታ ነክቶ መሄድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሸራውን ፋታ ሳይሰጥ ያግለዋል። የጋለ ሸራ እንደ መስታወት ይለሰልስና መያዝ ያቆማል። ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፦ እንደ ተቃጠለ ጨርቅ ያለ ሽታ፣ እና መያዣውን እንደ ቀድሞው እየጨመቃችሁ ሞተሩ ግን እምብዛም አለመቀነሱ። ከሁለቱ አንዱን ካያችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ከአስፋልቱ ውጡና አሥራ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ውሃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ለአስቸኳይ ማቆሚያ ትልቁ ኃይል ያለው የፊቱ ፍሬን ላይ ነው። ስትይዙ አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ ኋላው ይቀልና ቶሎ ይንሸራተታል። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» እየተባለ ብዙ ሰው በእግሩ ብቻ ያቆማል። የሚገለብጠው ግን በድንገት መጨበጡ ነው። በሁለት ጣት ጀምራችሁ ቀስ በቀስ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እያጠበቃችሁ ጨምቁት፤ መሪው ቀጥ ያለ ይሁን። መኪና በማይበዛበት ደልዳላ ቦታ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሃያ ጊዜ ተለማመዱት።

በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። ነገሩን አይታችሁ እጃችሁ እስኪንቀሳቀስ ያ ሁሉ ርቀት ያልፋል፤ ከዚያ በደረቅ መንገድ ለመቆም ሌላ 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ይህ ይረዝማል። ከፊታችሁ ካለው መኪና ሦስት ሰከንድ ራቁ፦ እሱ አንድ ምልክት ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብላችሁ ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ እዚያ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል።

መታጠፊያ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፉ በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ተዘንብሎ ፍሬን መያዝ ጎማውን ያስለቅቀዋል። ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ የመሃል መስመሩን አትጠጉ፤ ጎማችሁ በራሳችሁ በኩል ቢሆንም ስትዘነበሉ ራሳችሁ ከሚመጣው መኪና ፊት ይገባል። በማይታይ ኩርባ ክላክስ ንፉ፣ ግን መልስ አልሰማሁም ብላችሁ አትመኑ።

ብስክሌት ነጂ ማርሽ አይዘውም፤ ያለው ፍሬኑና ሰውነቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከኩርባ በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ ቀጥ ባለው ላይ ለቅቆ ያቀዝቅዝ፣ ደረቱን ቀና አድርጎ ንፋስ ይቀበል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ማረፍ አያሳፍርም። በፍሬን የጋለ ቸርኬ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ጣትም ያቃጥላልና ወዲያው አትንኩት።

ከከባድ መኪና ጋር

ይህ መንገድ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መንገድ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ይገጥመዋል። ተሳቢ፣ ሲኖትራክና አይሱዙ ይበዛበታል።

የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እሱም አያያችሁም። ተሳቢ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ይከፍታል፤ በቀኝ በኩል ክፍት መንገድ ይመስላል። እዚያ አትግቡ፤ የኋላ ጎማዎቹ ከፊተኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው ነው የሚያልፉት። ሐረጎን ሽቅብ የሚወጣ ረጅም መኪና ኩርባ ላይ የእናንተን ግማሽ መንገድ ይወስዳል። ከኩርባው በፊት ቆማችሁ አሳልፉት፤ መብቱ የማን ነው የሚለው ክርክር እዚያ ቦታ አይጠቅምም።

ከባድ መኪና ነጂዎች «ቅደም» ለማለት ፍሬቻ ያሳያሉ። ችግሩ ያው ፍሬቻ «ልታጠፍ ነው» ማለትም መሆኑ ነው። ፊት ለፊት ያለውን መንገድ በራሳችሁ ዓይን ካላያችሁ ፍሬቻውን ፈቃድ አታድርጉት። ስትቀድሙ ደግሞ መኪናው ያገዳችሁ ንፋስ ልክ አፍንጫውን ስታልፉ በጎን ይመታችኋል፤ መሪውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ክንዳችሁን ግን አታድርቁ።

ሽቅብ ሲወጡ የአይሱዙ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ መጎተት የብስክሌተኛ ልጆች ልማድ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ይነጥቃል፣ ጉድጓዱን መኪናው ይሸፍነዋል፣ የኋላ ጎማው ደግሞ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ወይ በትንሹ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ወይ ወርዳችሁ ግፉ። ስትወጡ ከአስፋልቱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ገባ ብላችሁ ሂዱ። ዳር ዳሩን የሚልከሰከስ ብስክሌት «ቦታ አለ» ብሎ መኪናውን ይጋብዛል፤ ጠርዙ ተሸርሽሮ ከሆነ ደግሞ ማምለጫ የለውም።

ጭጋግ፣ ዝናብ፣ ፀሐይ

በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ደሴን ይውጣታል። ረጅም መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ጭጋጉ ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ያሳውራል። አጭር መብራት፣ ከላይ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ለብስክሌት ደግሞ ከኋላ ቀይ መብራት። ጥቁር ጃኬት በጭጋግ ውስጥ ከአስፋልቱ አይለይም።

ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃዎች ከሁሉ ይከፋሉ። አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ይቦካሉ፤ ኋላ ነው የሚታጠበው። ከተቻለ ተጠልላችሁ አሳልፉት። ቀለም የተቀባ የእግረኛ መሻገሪያ፣ የብረት ክዳን፣ ኩርባ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ስታዩ ፍሬን ሳትነኩ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ናፍጣ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። የብስክሌት ቸርኬ እርጥብ ሲሆን ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው፤ አስቀድማችሁ በየጊዜው ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁት።

ብዙ ሰው የማያስበው ፀሐይን ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽም ወደ ደቡብ ናት። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ጠዋት ሲወርድ ፀሐይ ፊቱ ላይ ናት፣ ማታ ሲመለስም ፊቱ ላይ ናት። ከኋላው የሚመጣው ሹፌርም ያው ፀሐይ ያሳውረዋል፤ ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ሞተር ላያይ ይችላል። የኋላ መብራታችሁን በቀንም አብሩ፣ ያለ ምክንያት በድንገት አትቁሙ። የተቧጨረ የሄልሜት መስታወት በፀሐይ ጊዜ ነጭ መጋረጃ ይሆናልና ቀይሩት።

ጠዋት ደሴ ብርድ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል፤ ጓንት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ይሞቃል፣ ጃኬቱን ግን ሞተሩ ቆሞ አውልቁት።

ከተማ ውስጥ

ባጃጅ የሚታጠፈው በፍሬቻ ሳይሆን በተሳፋሪ ነው። ዳር የቆመ ሰው እጁን ካነሳ፣ ፊታችሁ ያለው ባጃጅ አሁን ይቆማል። የፊት ጎማውን እዩ፤ ከሹፌሩ ቀድሞ ሐሳቡን ይናገራል። ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ራቁ፣ በሩ በድንገት ይከፈታል።

ደሴ ላይ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ጥበቱ ነው ችግሩ፤ ሰኞ ገበያ በገበያው ቀን ደግሞ አህያና ሸክም ይጨመራል። አህያ በክላክስ አይመለስም፣ ይደነግጣል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ፣ በረመዳን ደግሞ ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት፣ ሁሉም ለማፍጠር ይቸኩላልና ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ሰዉ በቡድን ነው የሚሻገረው፤ አንዱ ካለፈ ሌላው ይከተላል።

ከኋላ የሚቀመጥ ሰው

ነጠላ፣ ሽርጥ፣ ጅልባብ፣ የጋቢ ጫፍ ወደ ሰንሰለቱ ወይም ወደ ጎማው ሽቦ ከገባ ሰውን ጎትቶ ይጥላል። ሳትነሱ ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ጫፉ ተሰብስቦ ሥር ይቀመጥበት። በአንድ ጎን መቀመጥ ሚዛን ያዛባል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ የሚይዙት የለም። ተሳፋሪውም ሄልሜት ያድርግ፣ እግሩ መርገጫው ላይ ይሁን፣ ስትዘነበሉ አብሮ ይዘንበል። አንድ ሰው ሲጫን ፍሬኑ ሸክሙ ይጨምራል፤ ለሐረጎ አንድ ማርሽ ዝቅ በሉ።

ከወደቀ

መጀመሪያ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ፤ ከኩርባው ወዲያ ሰው ላኩ፣ ቅጠልና ድንጋይ አኑሩ። ሲነሱ ድንጋዩን ማንሳት አትርሱ፤ ለሚቀጥለው ሞተር ወጥመድ ነው። የወደቀው ሰው የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አታውልቁ፣ አታስቀምጡት፣ ውሃ አታጠጡት። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ። መነሳት ካለበት አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎቹ በአንድ ላይ ያንሱት፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይተኛ። አጥፎ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት የተጎዳ አንገትን ሊያባብሰው ይችላል።

አስፋልት የመታ ሄልሜት ከውጭ ምንም ባይታይበትም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ለሌላ ሰው አትስጡት፣ አትሽጡትም፤ ማሰሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉት።