የእንግሊዝ የትዳር ቪዛ ሪጀክት ለሆነባችሁ

ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ያላችሁ፣ በአላህ ይሁንባችሁ ተናዳችሁ ወዲያው እንደ አዲስ እንዳታመለክቱ። መጀመሪያ ደብዳቤውን መስመር በመስመር አንብቡት፣ ምክንያቱ እዛው ተጽፏል። ከውጭ ላመለከተ ሰው ይግባኝ ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ እንዳያልፍባችሁ። እኛን ሪጀክት ያስደረገን የቀን አለመጣጣም ነው፣ ኒካሁ ጥር ላይ፣ ማዘጋጃ ቤት ያስመዘገብነው ሚያዝያ፣ ተርጓሚው ደግሞ የኛን 2014 ወደ ፈረንጅ ሳይቀይር እንዳለ አስቀመጠውና ሳንተዋወቅ የተጋባን አስመሰለን! ትርጉሙን ድጋሚ አሠርተን ሁለቱንም ቀን የሚያስረዳ ደብዳቤ አያያዝንበት። ገቢ አነሰ ካሏችሁ ግን (ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ የሚጠየቀው ትንሹ ገቢ በዓመት 29 ሺህ ፓውንድ ነው) እንግሊዝ ያለው ባል ወይም ሚስት የስድስት ወር ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) እና የባንክ ስቴትመንት አሟልቶ እንደገና ማመልከቱ ብዙ ጊዜ ከይግባኙ ይፈጥናል።