ኤክስሬዩ የጣለው ብየዳ፦ ይቆረጥ ወይስ ይኑር?

ቱቦው ተበይዷል፣ ተቀብሯል፣ አፈሩም ተመልሷል። ከዚያ የብየዳውን የኤክስሬይ ፊልም የሚያየው ሰው ይመጣና «ይሄኛው አያልፍም» ይላል። ቆፍሮ መቁረጥ አንዱ መንገድ ነው። ሁልጊዜ ትክክለኛው ግን አይደለም፤ ጉድለቱ ቱቦውን ይሰብር እንደሆነ በሂሳብ አስልቶ እንዳለ መተውም አለ።

ኤፒአይ 1104 የተባለው የቧንቧ መስመር ብየዳ ደረጃ በመደበኛ ክፍሉ ያስቀመጠው ልክ በዋናነት የበያጁን ሥራ ጥራት መለኪያ ነው። ከልኩ አለፈ ማለት ቱቦው ይፈነዳል ማለት አይደለም።

ፊልሙ ላይ ክብ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ የጋዝ አረፋ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ እርጥበት የሳበ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ ያልጸዳ የቱቦ ጫፍ ወይም ነፋስ ነው። ከጉድለቶች ሁሉ የዋሁ ይሄ ነው፤ ክብ ስለሆነ እንደ ስንጥቅ ስለታም ጫፍ የለውም። አንዱ ቀዳዳ ከ3 ሚሊሜትር ከበለጠ ግን ደረጃው ይጥለዋል። ፈልፍሎ በደረቅ ኤሌክትሮድ መልሶ መበየድ ነው። አረፋው ከበዛ ሌላ ጉድለት ከሥሩ ሊደብቅ ስለሚችል ንቁ።

ቀጭን፣ የተሰባበረ መስመር ከሆነስ? ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ብረት፣ ሳይሞቅ የተጀመረ ብየዳና ከእርጥበት የመጣ ሃይድሮጅን ሲገጣጠሙ ይወልዱታል። አንዳንዱ ከሰዓታት በኋላ ነው ብቅ የሚለው፤ ወዲያው የተነሳ ፊልም ላይታይበት ይችላል። እዚህ ላይ ሂሳብ አትጀምሩ፤ ቆርጣችሁ አውጡት።

መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ ጥቁር መስመር የብየዳው ሥር በደንብ አለመግባቱን ይነግራችኋል። በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ፣ ከረንቱ አንሶ ወይም በያጁ ቸኩሎ ነው። አንዱ ከ25 ሚሊሜትር ከረዘመ፣ ወይም በ300 ሚሊሜትር ውስጥ ድምሩ ከ25 ካለፈ ወደቀ። ሊቆፈር የሚችል ከሆነ ማደስ ይሻላል። የማይነካ ቦታ ከሆነ ግን ሂሳቡ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው።

ችግሩ፣ ፊልም ርዝመትን እንጂ ጥልቀትን በትክክል አይነግርም። ቱቦን የሚሰብረው ደግሞ በአብዛኛው ጥልቀቱ ነው። ስለዚህ ከተቻለ በአልትራሳውንድ ለኩ፤ በመሣሪያው ስህተት መጠን ጨምሩበት። የብየዳው ብረት በሚያገኘው ዝቅተኛ ሙቀት ስንጥቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም በናሙና አስፈትኑ። በግምት የተሞላ ቁጥር ሂሳቡን ሁሉ ገደል ይከተዋል። ቀጥሎ ቱቦው የሚሸከመውን ውጥረት አስሉ፤ ግፊት ብቻ ሳይሆን የአፈር መስመጥንም። ጉድለቱ በግፊት መውጣትና መውረድ ምን ያህል እንደሚያድግም ይታሰባል። ለዚህ ሁሉ ቢኤስ 7910 የተባለው የእንግሊዝ ደረጃ የታወቀ መንገድ ነው።

በ1976 እ.ኤ.አ. አላስካ ላይ ይሄው ተደርጓል። 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የነዳጅ መስመር ላይ የተጭበረበሩ የኤክስሬይ ፊልሞች ተገኙ፣ ብዙ ብየዳም ጥያቄ ውስጥ ገባ። ኩባንያው በስብራት ሂሳብ ተደግፎ ሳይጠገኑ እንዲቀሩለት ጠየቀ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ሂሳቡን በባለሙያ አስመረመረ። በመጨረሻ የተፈቀደው ለ3 ብየዳዎች ብቻ ነው። ሦስቱም የተቀበሩት ኮዩኩክ ወንዝ ሥር ነበር።