የዘጌን ገዳማት በክረምት እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ወደ ጣና ሐይቅ ዘልቆ የገባው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ብዙውን ጊዜ የሚጎበኘው በበጋ፣ በተለይም በጥምቀት ሰሞን ነው። በክረምት መሄድም ይቻላል፤ እንዲያውም ገዳማቱን ረጋ ብሎ ማየት ለሚወድ ሰው ክረምቱ ሳይሻል አይቀርም። ሆኖም ጎብኚው ውሎውን ከሐይቁ ነፋስና ከቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ሰዓት ጋር ማስማማት ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ቀን ይመረጣል። የእሑድና የበዓላት ጠዋት የቅዳሴ ጊዜ ስለሆነ ለጉብኝት አይመችም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም ደግሞ ምእመናን ሱባኤ ይገባሉ፤ ቅዳሴውም ወደ ቀትር ስለሚሆን፣ በእነዚህ ቀናት የሚመጣ ሰው ሥዕሎቹን በጠዋት አይቶ ቢወጣ ለራሱም ለጸሎተኛውም ይበጃል።

ቀጥሎ ከባለ ጀልባው ጋር መነጋገር ነው። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ጸጥ ይልና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበል ስለሚያወጣ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ መነሣት ይገባል። ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳያዩ መሳፈር አይገባም። በየትኞቹ ገዳማት እንደሚቆምም አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በመንገድ ላይ የሚገኘው ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው።

ከጀልባው ወርደው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጡበት መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። በትውፊት እንደሚነገረው ገዳሙን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ የዘጌ ቡናም የበቀለው ከእርሳቸው በትር ነው ይባላል። ነዋሪው በሬ ጠምዶ ማረስንና ከብት ማርባትን ትቶ በቡናው በመኖሩ ጫካው እስከ ዛሬ ቆይቷል። በክረምት ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ ረግፎ የራሰው ቅጠልና ከመሬት የወጣው ሥር ግን ስለሚያንሸራትት፣ መሬት የሚቆነጥጥ፣ ደግሞም ለማውለቅ የማያስቸግር ጫማ ይመረጣል። ጫማ በደጅ ስለሚወልቅ ደረቅ ካልሲና ነጠላ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ብልህነት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። የተሣሉት በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ በመሆኑ እርጥበት ይጎዳቸዋል፤ ስለዚህ የራሰ ጃንጥላና ካፖርት ውጭ ይቀመጣል፣ ግድግዳውንም መደገፍ አይገባም። ሰማዩ ሲጠቁር ውስጡ ስለሚጨልም የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ከማብራትም ሆነ ፎቶ ከማንሣት በፊት አገልጋዩን ማስፈቀድ፣ የካሜራውንም ፍላሽ ማጥፋት ተገቢ ነው።

ሁሉንም በሩጫ ከማየት አንድ ታሪክ መርጦ መከተል ይሻላል። የበላዔ ሰብን ታሪክ ብንወስድ፣ 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኩም አንድ ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ በኋላም ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብና ያች ጥርኝ ውኃ ከኃጢአቱ ሁሉ ስትመዝን ይታያል። በጥንታዊው የአሣሣል ሥርዓት ቅዱሳን በሙሉ ፊት፣ ኃጥኣን ደግሞ በጎን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ስለሚሣሉ፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ በዚህ ይለያል።

ጊዜ ከተረፈ ከዚያው አቅራቢያ ወዳለችው አዝዋ ማርያም ጎራ ማለት ይቻላል። ለመመለስ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጀልባው ላይ መሆን ይመረጣል። ነፋሱ ቀድሞ ከተነሣ ባለ ጀልባውን "እንሂድ" ብሎ መጎትጎት አደገኛ ነው፤ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ወይም በእግር ወደ ዘጌ ከተማ ወጥቶ በመኪና ወደ ባሕር ዳር መመለስ ይሻላል፤ ይህም መንገዱ በዝናብ የሚጨቀይ መሆኑን አስቦ ገና ሳይመሽ መሆን አለበት።