አማካይ ለመሆን የምትለፊ እህቴ፣ ከእነዚህ ስህተቶች ራቂ

አጥቂ ጎል ታገባለች። ግብ ጠባቂ ፍጹም ቅጣት ምት ታድናለች። ጨዋታው ሲያልቅ ለሁለቱም የሚወራላቸው ነገር አለ። አማካይ፣ የመሀል ሜዳዋ ተጫዋች፣ ግን ዘጠና ደቂቃ ስትሮጥ፣ ስትቀማ፣ ስታቀብል ቆይታ ስሟ አንዴም ሳይነሳ ወደ ቤቷ ልትሄድ ትችላለች። የቦታው ባሕርይ ነው። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡትም ከዚሁ ነው። ሥራዋ ስለማይታይላት የሚታየውን ብቻ ማሳደድ ትጀምራለች፤ የማይታየውን ደግሞ፣ ጉልበቷን፣ ምግቧን፣ ውሏን ትረሳዋለች።

ይህን የምጽፈው ክለብ ለገባች ወይም ለመግባት ለተቃረበች ልጅ ነው። እናትና አባቷም አብረው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራስን በጎል ብቻ መመዘን

የሎዛ አበራን መንገድ ብዙዎቻችን ተከታትለናል። ከዱራሜ ተነስታ በስዊድንና በማልታ ተጫወተች፣ ከዚያም አሜሪካ ገብታ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈረመች። በጣም እንኮራባታለን። ግን ሎዛ አጥቂ ናት። ስሟን ከሩቅ የሚያስተዋውቀው ያገባችው ጎል ነው። ብዙ አማካዮች ይህን ያዩና በዚያው መንገድ መሄድ ይፈልጋሉ። ከሠላሳ ሜትር ይመታሉ። ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ መመለስ ይተዋሉ። ማቀበል ሲገባቸው ሦስተኛዋን ተከላካይ ለማለፍ ይታገላሉ። ተመልካች ያጨበጭብ ይሆናል፤ አሰልጣኙ ግን ክፍት የቀረውን መሀል ሜዳ ነው የሚያየው።

መልማይ ወደ አማካይ ሲመለከት የሚጠይቀው ሌላ ነው። ተጭነው ሲይዟት ኳሱን ታጣለች ወይስ ትወጣበታለች? የምታቀብለው ወደ ፊት ነው ወይስ ሁልጊዜ ወደ ኋላ? ቡድኗ ኳስ ሲያጣ የት ቆማ ትገኛለች? በ80ኛው ደቂቃስ እንደ መጀመሪያው ታስባለች? እንግሊዛዊቷ ኬይራ ዋልሽ በ2022 ከማንችስተር ሲቲ ወደ ባርሴሎና ስትዛወር፣ በዘገባዎች መሠረት በወቅቱ የዓለም ውዷ ሴት ተጫዋች ነበረች። ዋልሽ ከተከላካዮች ፊት ቆማ ጨዋታውን የምታደራጅ ናት። ጎል የምታገባው ከስንት አንዴ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለጎሏ አልነበረም።

ስለዚህ ሌላው ባይቆጥርልሽ አንቺ ቁጠሪ። ጨዋታሽን በስልክ አስቀርጪና ቁጭ ብለሽ እይው። ስንት ኳስ አጣሽ? ስንቱን ቀማሽ? ወደ ፊት ያቀበልሽው ስንት ነው? ደብተር ላይ ጻፊው። ለክለብ የምትልኪው ቪዲዮም ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሙዚቃ የተጫነበት የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ ለአጥቂ ይበቃ ይሆናል፤ ለአማካይ አይበቃም። ኳስ ሳትይዢ የምትሠሪውን አያሳይምና። ሙሉ ጨዋታ ላኪ። የሚቀርጽልሽ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ይቁም፣ ኳሱን ብቻ ሳይሆን ሜዳውን ያሳይ። የማልያ ቁጥርሽንና የተጫወትሽበትን ቦታ ጽፈሽ አያይዢ። ንግድ ባንክ በ2024 አዲስ አበባ ላይ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛ አፍሪካን) ማጣሪያ አሸንፎ፣ በአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ለመካፈል ሞሮኮ የተጓዘ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሲሆን፣ ለተጫዋቾቹ ትልቁ ጥቅም አንዱ ይህ ይመስለኛል። ሥራቸው በሙሉ ጨዋታ ከአገር ውጭ ታይቷል።

ኳሱ እግር ስር ከደረሰ በኋላ ማሰብ

ስፔናዊቷ አማካይ አይታና ቦንማቲ ቁመቷ 1.62 ሜትር ነው። የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ወስዳለች። በትከሻ ገፍታ አይደለም ያሸነፈችው። ስትጫወት ኳሷን ትተሽ አንገቷን ተመልከቺ። ኳሱ ሳይደርሳት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ታያለች። ሲደርሳት ውሳኔው አልቋል።

እኛ ሰፈር ያደገች ልጅ ኳስ መግፋትና ማንጠባጠብ ቀድማ ትማራለች። ጥሩ ነው። ግን ብቻሽን ኳስ መቶ ጊዜ ብታነሺ፣ ከኋላሽ ማን እንደቆመ የማየት ልማድ አታገኚም። ቀላል ልምምድ አለ። ጓደኛሽ ከኋላሽ ቆማ ጣቶቿን ታንሳ። ሌላዋ ከፊት ኳስ ታቀብልሽ። ኳሱ ሳይደርስሽ ዞር ብለሽ የጣቶቹን ቁጥር ጥሪ፣ ከዚያ በአንድ ንክኪ መልሺ። ከወንዶች ጋር በጠባብ ሜዳ መጫወትም ይረዳል። አይታናም በልጅነቷ ከወንዶች ጋር ነው የተጫወተችው። ጉልበታቸውን ስለማትችይው ቀድመሽ ማሰብ ግድ ይሆንብሻል።

«እኔ 10 ቁጥር ነኝ» ማለት

ለስም የሚያምረው ከአጥቂ ጀርባ የሚጫወተው 10 ቁጥር ነው፤ ቡድን ግን ከተከላካዮች ፊት የሚቆመውን 6 እና በሁለቱ መሀል የሚሮጠውን 8 ቁጥርም ይፈልጋል። አሰልጣኝሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ካጫወተሽ እንደ ቅጣት አትውሰጂው። ሁለት ቦታ መጫወት የምትችል አማካይ ተቀያሪ ወንበር ላይ ብዙ አትቀመጥም።

ጉልበትን እስኪያም ድረስ መርሳት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሌላዋ ስፔናዊት አማካይ አሌክሲያ ፑቴያስ የ2021 ባሎን ዶር አሸናፊ ሆና፣ በሕይወቷ ከፍተኛ ብቃት ላይ ሳለች፣ ሐምሌ 5 ቀን 2022 ልምምድ ላይ የግራ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። በእንግሊዝ የሚካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ሊጀመር አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ወደ ሜዳ የተመለሰችው በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ነው። በ2023 ከስፔን ጋር የዓለም ዋንጫን ብታነሳም የድሮዋ አሌክሲያ አልነበረችም። በመሃል ያው ጉልበት እንደገና አስቸገራት። ግንቦት 2024 በቢልባኦ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ለባርሴሎና ተቀይራ ገብታ ሊዮን ላይ ሁለተኛውን ጎል ስታገባ፣ ከጉዳቷ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረም። ይህ እንግዲህ ከዓለም ምርጥ ሐኪሞች ጋር፣ ደሞዟ ሳይቋረጥ ነው። ይህ ሁሉ የሌላት ልጅ ምን ትሆን?

ይህ ጅማት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት እንደሚበጠስ የታወቀ ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የዳሌና የጉልበት አቀማመጥ አለበት፤ የጡንቻ ልምምድ ማነስ አለበት፤ ሜዳና ጫማም አሉበት። አማካይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ጉልበት የሚጠላውን ነው፦ በድንገት መቆም፣ በድንገት መዞር።

መከላከያው ውድ አይደለም። ፊፋ «11 ፕላስ» ብሎ ያዘጋጀው ማሟሟቂያ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ዕቃ አይፈልግም። ቀስ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ የጉልበት፣ የዝላይና የሚዛን እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ፈጠን ያለ ሩጫ ነው። በኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ፣ በ2008 በወጣው ጥናት ከባድ ጉዳቶች ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሰዋል። ክለብሽ የማያሠራ ከሆነ ሃያ ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺና ብቻሽን ሥሪው። ጓደኞችሽ ቀስ በቀስ ይከተሉሻል። ጫማሽንም አስቢበት። ለለስላሳ ሳር የተሠራ ረጅም ጥርስ በደረቅ መሬት ወይም በአርቴፊሻል ሜዳ ላይ እግርሽን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሰውነትሽ ሲዞር ጉልበትሽ አይዞርም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ስትወድቂ ጉልበትሽ ቋ ሲል ከተሰማሽና በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ የሰፈር ወጌሻ ጋ አትሂጂ፣ አታሳሺው። በበረዶ ያዢው፣ አትርገጪበት፣ የአጥንት ሐኪም ጋ ሂጂ። «ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው» ብላ ሳምንት ቆይታ የተመለሰች ልጅ ሌላውንም የጉልበቷን ክፍል ልታጣ ትችላለች። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ጨዋታ ለመመለስ አትቸኩዪ። ክለቡ ቢያጣድፍሽም ጉልበቱ ያንቺ ነው።

ሳይበሉ መሮጥ፣ የወር አበባ ሲቀርም ዝም ማለት

አማካይ በአንድ ጨዋታ አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ልትሮጥ ትችላለች። በሻይና በዳቦ የሚሮጥ ርቀት አይደለም። የምግብ እጥረት መጀመሪያ የሚታየው ሚዛን ላይ ላይሆን ይችላል። ድካም፣ ቶሎ ቶሎ መጎዳት፣ የወር አበባ መቅረት ይመጣል። አንዳንድ ልጆች የወር አበባቸው ሲቀር «ልምምዱ ስለጠነከረ ነው» ብለው ይደሰታሉ። መደሰት አይገባም። ሰውነት የሚበቃውን እያገኘ እንዳልሆነ ምልክት ነው፣ አጥንትንም ያሳሳል። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ማየት አለበት። ለአሰልጣኝሽ ለማውራት ካፈርሽ ለእናትሽ ወይም ለታላቅ እህትሽ ንገሪ። ብቻ ዝም አትበዪ።

የደም ማነስንም እንዲሁ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ ብዪ። ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ሰላጣ ከጎን ቢኖር ብረቱን ሰውነትሽ በደንብ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ጾሙን ተዪ አልልሽም። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ የልምምድ ሰዓትሽን ይዘሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ሙስሊም ከሆንሽ በረመዳን ከባዱ ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ እንዲሆንልሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ብዙ አሰልጣኞች ካልተነገራቸው አያውቁም።

ሳያነቡ መፈረም

አይስላንዳዊቷ ሳራ ቢዮርክ ጉናርስዶቲር በ2020 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ለሊዮን ጎል ያገባች አማካይ ናት። በ2021 አረገዘች። ወደ አገሯ ሄዳ ልጇን ስትጠብቅ ክለቡ ሙሉ ደሞዟን መክፈል አቆመ። ዝም አላለችም። የተጫዋቾች ማኅበሩ ፊፍፕሮ አገዛት፣ ጉዳዩ ወደ ፊፋ የዳኝነት አካል ሄደ፣ ክለቡም ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፍላት ተወሰነ። የረዳት ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ የጸናው የፊፋ ደንብ ነው። ደንቡ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ክፍያው ከደሞዝ ሁለት ሦስተኛ አያንስም። በእርግዝና ምክንያት ውል ማፍረስም ይከለክላል። ሳራ ዝነኛ ስለሆነች ብቻ አልነበረም ያሸነፈችው። ውልና ማስረጃ ነበራት።

አንቺስ የውልሽ ኮፒ እጅሽ ላይ አለ? ብዙ ልጆች የላቸውም። የማልያ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ቢሮ ይቀራል። ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን ፈልጊ፦ ደሞዙ ስንት ነው፣ በየስንት ቀኑ ይከፈላል? የፊርማ ገንዘቡ ለብቻው ተጽፏል ወይስ በቃል ብቻ ነው? ብትጎጂ ሕክምናውን ማን ይከፍላል፣ ደሞዝሽስ ይቀጥላል? ውሉ መቼ ያልቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ለአማካይ ይበልጥ ይከብዳል። አጥቂ ውሏ ሲያልቅ የጎሏን ቁጥር ይዛ ትደራደራለች። አንቺ ስለ ጨዋታሽ የሰበሰብሽውን ደብተርና ቪዲዮ ይዘሽ ነው የምትቀርቢው፤ ስለዚህ ከወራት በፊት መዘጋጀት አለብሽ። የሚያነብልሽ የሕግ ሰው ብታገኚ መልካም፤ ካጣሽ የተማረ ዘመድ ያንብበው። «ነገ እንጽፈዋለን» የተባለ ተስፋ ላይ አትፈርሚ።

ወላጆች፣ ይህኛው ለእናንተ ነው። «ልጃችሁን አውሮፓ ክለብ አስገባታለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ዕድሜዋን አስቡ። ከ18 ዓመት በታች ያለች ተጫዋችን ወደ ሌላ አገር ማዛወር በፊፋ ደንብ ክልክል ነው፤ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። ወኪል ደግሞ የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስሙን ፊፋ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል። «ለፕሮሰስ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የክለቡን የግብዣ ደብዳቤ ግን የማያሳይ ሰው በሩን ይዝጋና ይሂድ። የባሕረ ሰላጤውም ነገር እንዲሁ ነው። የሳዑዲ የሴቶች ሊግ የውጭ ተጫዋቾችን ይቀጥራል፣ ሳራ ራሷም በ2024 ወደ አል ቃድሲያ ሄዳለች። እውነተኛ ዕድል አለ። ያው ጥያቄ ግን እዚያም ይጠየቃል።

ትምህርትን ማቋረጥ

የአንድ ዓመት ውል ያላት ልጅ ትምህርቷን ለምን ታቋርጣለች? በማታ፣ በርቀት፣ እንደሚመች ቀጥዪ። ወደ ውጭ የሚወስደው የክለብ ውል ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ ኮሌጆች ኳስ ተጫውተው በነጻ የተማሩ ብዙ ሴቶች አሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሌላት ግን ያ መንገድ ዝግ ነው።

«ተቀነስኩ» ብሎ ማቆም

አማካይ ዘግይታ ትበስላለች። ሜዳውን ማንበብ ዓመታት ይፈልጋል። ብራዚላዊቷ ፎርሚጋ በ1995 የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋን ስትጫወት 17 ዓመቷ ነበር፤ ሰባተኛውን በ2019 ስትጫወት 41። የሴቶች ኳስ በ1996 ኦሎምፒክ ላይ ከተጀመረ ወዲህ እስከ ቶኪዮ ድረስ አንድም አላመለጣትም። አማካይ ነበረች።

አሜሪካዊቷ ካርሊ ሎይድ በ2003 ከ21 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ተቀነሰች። ኳስ ልታቆም አስባ ነበር። አንድ የግል አሰልጣኝ አገኘችና ችሎታዋ መልካም እንደሆነ፣ የአካል ብቃቷና የአእምሮ ጥንካሬዋ ግን እንደሚጎድል በግልጽ ነገራት። ያንን ሰምታ ሠራች። በ2008 እና በ2012 የኦሎምፒክ ፍጻሜዎች የማሸነፊያ ጎሎችን አገባች፣ በ2015 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጃፓን ላይ በ16 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አስቆጠረች።

ስለዚህ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ሲጠፋ አሰልጣኙ ጋ ሂጂ። አታልቅሺ፣ አትከራከሪ። «ምንድን ነው የጎደለኝ?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱንም ያው ደብተርሽ ላይ ጻፊው።