ሉፐሱ ነው ወይስ ፕሬድኒሶሎኑ? በጂን አገላለጽ ትንተና ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ) ሕመምተኞችን ደም ከጤነኞች ደም ጋር አነጻጽሯል፤ የጂን አገላለጽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ፣ ለክቷል። «የኒውትሮፊል (የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ጂኖች በሙሉ ጨምረዋል!» አለኝ፤ ፊቱ በርቷል። ደስታውን ማደብዘዝ ከበደኝ፤ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። «ሕመምተኞቹ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» መዝገቡን አብረን ከፈትነው። ሁሉም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ይወስዳሉ።

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደጠየቅኩ አላውቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ደምን እንደ አንድ ነገር መቁጠር

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ደም የብዙ ዓይነት ሴሎች ድብልቅ ነው። እንዲህ አስቡት፦ ጤነኛው ሰው ከ100 ነጭ የደም ሴሎቹ 50ዎቹ ኒውትሮፊል ናቸው እንበል። ሕመምተኛው ደግሞ 75 አለው። ኒውትሮፊል ውስጥ ብቻ የሚሠራ አንድ ጂን በሕመምተኛው ደም 1.5 እጥፍ ሆኖ ይታያል። አንድም ሴል ግን ባህሪውን አልቀየረም! የተለወጠው የሴሎቹ ብዛት ነው። ሊምፎሳይቶቹ (ቲ ሴል ያለበት ሌላው የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ከ40 ወደ 20 ከወረዱ ደግሞ የእነሱ ጂኖች በግማሽ «ቀነሱ» ይባላል። ከዚያ «በሽታው የቲ ሴልን ሥራ ያዳክማል» ተብሎ ይጻፋል።

ስቴሮይድ ደም ውስጥ ኒውትሮፊልን ያበዛል፣ ሊምፎሳይትን ያሳንሳል። ሉፐስ ራሱም ሊምፎሳይት ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ከጂን ዝርዝሩ ብቻ መለየት አይቻልም። መድኃኒት ደግሞ መጨመር ብቻ ሳይሆን መደበቅም ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሉፐስ ሕፃናት ላይ የወጣ ጥናት በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ ስቴሮይድ የኢንተርፌሮን ጂኖችን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል በሚያወጣው ኢንተርፌሮን የሚነሡትን ጂኖች፣ ጸጥ እንደሚያደርግ አሳይቷል። እባካችሁ፣ ናሙና በምትወስዱበት ቀን የደም ሴል ቆጠራውንና የመድኃኒቱን መጠን አብራችሁ መዝግቡ። በኋላ ልፈልገው ብትሉ አታገኙትም።

ሕመምተኞቹን ሰኞ፣ ጤነኞቹን ሐሙስ

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። የሕመምተኞቹ ደም ከክሊኒክ እስኪመጣ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። የጤነኞቹን ደም እዚያው ቀድተን ወዲያው ሠራነው። ውጤቱ ሲወጣ ፎስና ጁን የሚባሉት ጂኖች አናት ላይ ተቀምጠዋል። ወራት ሙሉ ስለ በሽታው መላምት ስገነባ ከረምኩ። እነዚህ ጂኖች ሴል ሲጨነቅ ፈጥነው የሚነሡ ናቸው፤ የተቀዳ ደም በናሙና ቱቦ ውስጥ ሲቆይም ይነሣሉ። ያየሁት በሽታውን ሳይሆን መንገዱን ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በቀን፣ በሠራተኛና በኬሚካል ከተለያዩ የትኛውም ሶፍትዌር መልሶ አይለያቸውም። ገና ከጅምሩ ቀላቅሏቸው።

ጾታን መርሳት

ከ10 የሉፐስ ሕመምተኞች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። ማነጻጸሪያችሁ ግማሹ ወንድ ከሆነ ዝርዝሩን የሚመሩት ኤግዚስት (በሴቶች ሴል ውስጥ የሚሠራ ጂን) እና የወንዶቹ የዋይ ክሮሞሶም ጂኖች ይሆናሉ። እነዚሁ ጂኖች ግን ጥሩ ወዳጆችም ናቸው። «ወንድ» ተብሎ የተጻፈ ናሙና ኤግዚስቱ ከፍ ካለ ቱቦ ተቀያይሯል ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ ከማንኛውም ትንተና በፊት የማየው ይህንን ነው።

0.05ን ማመን

20,000 ጂን በ0.05 (ልዩነት ሳይኖር በአጋጣሚ ከመቶ 5 ጊዜ «አለ» በሚል መለኪያ) ብትፈትኑ፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 1,000 ያህሉ «ልዩነት አለ» ይሏችኋል። ብዙ ጂን አንድ ላይ ሲፈተን የሚደረገውን እርማት ሳትሠሩ ዝርዝር አታሳዩኝ።

የጂን ልዩነትን ለሚፈትነው ሶፍትዌር ለዲሴክ2 ጥሬውን ቆጠራ ስጡት፤ የተስተካከለ ቁጥር አትስጡት።

የጂን ስም ያለበትን ፋይል በኤክሴል ዝም ብላችሁ አትክፈቱ። ሴፕት2 የሚባለውን ጂን ሴፕቴምበር 2 መስሎት ወደ ቀን ይቀይረዋል። በዚህ የተነሣ የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሞቹን እስከ መቀየር ደርሷል፤ የቆዩ ፋይሎች ግን አሁንም አሉ።

ሴልን እንደ ሰው መቁጠር

የእያንዳንዱን ሴል ጂኖች ለየብቻ በሚያነብ ዘዴ ከ3 ሕመምተኞች 50,000 ሴል ብታነቡ ያላችሁ 3 ሰው ነው። የአንድ ሰው ሴሎች በአንድ ደም፣ በአንድ መድኃኒት ውስጥ የኖሩ ናቸው። የሴሎቹን ቆጠራ በየሰውና በየሴል ዓይነቱ ደምሩት፤ ከዚያ ሰውን ከሰው አነጻጽሩ።

ኢንተርፌሮን ሲያዩ «ሉፐስ!» ማለት

ይህ ዘርፍ ለሕመምተኞች ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያየነው በኢንተርፌሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢንተርፌሮን ጂኖች በሉፐስ ደም ውስጥ ተባብረው እንደሚነሡ በግልጽ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኢንተርፌሮንን መቀበያ የሚዘጋው አኒፍሮሉማብ የተባለ መድኃኒት ለሉፐስ ተፈቀደ። ግን እነዚሁ ጂኖች እንደ ሾግረንና ደርማቶማዮሳይትስ ባሉ ሌሎች መሰል በሽታዎችም ይነሣሉ። ከሁሉም በላይ ቫይረስ ሲገባ ይነሣሉ፤ ዋና ሥራቸውም እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ከጤነኞቻችን አንዷ በእነዚህ ጂኖች ከብዙዎቹ የሉፐስ ሕመምተኞች በላይ ሆና ወጣች። ማሽኑን ጠረጠርን፣ ናሙናውን ደግመን ሠራነው፣ ያው ነው። በመጨረሻ ደውለን ጠየቅናት። ደም በሰጠችበት ሳምንት ጉንፋን ይዟት ነበር።