ቪዲዮ ፕሮሰሰርን ከቤት ቲቪ ጋር እንዴት እናገናኝ?

የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ወይም ጌም ኮንሶል ከአዲስ ትልቅ ቲቪ ጋር ሲገናኝ ምስሉ ብዥ ይላል። የሰው ፊት ወደ ጎን ይለጠጣል። የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ማጫወቻው ላይ ይጥላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ባለ 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ፒክስል አለው፤ ወደ 8.3 ሚሊዮን ማለት ነው። የዲቪዲ ምስል 720 በ480 ወይም 720 በ576 ብቻ ነው። ቲቪው ስክሪኑን ለመሙላት ከእያንዳንዷ ፒክስል 20 እና ከዚያ በላይ መፍጠር አለበት።

የድሮ ምስል ሌላም ጣጣ አለው። መስመሮቹን የሚልከው በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ 1፣ 3፣ 5 እያለ፣ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 6 እያለ። ቲቪው ሁለቱን ግማሾች በደንብ ካልገጠማቸው ያ የማበጠሪያ ጥርስ ይመጣል።

ቪዲዮ ፕሮሰሰር ይህን ሁሉ ሥራ ከቲቪው የሚረከብ ሳጥን ነው። በማጫወቻውና በቲቪው መሃል ይገባል። ትንሹና ርካሹ ከኤቪ (ከድሮዎቹ ባለ ቀለም መሰኪያዎች) ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ኮንቨርተር ነው። ለድሮ ጌም የተሠሩ እንደ ኦኤስኤስሲ እና ሬትሮቲንክ ያሉ አሉ። ለቤት ሲኒማ የሚሆኑት እንደ ሉማጀን ያሉት ደግሞ በጣም ውድ ናቸው። ርካሹ ኮንቨርተር ምስሉን ቲቪው ላይ ያመጣላችኋል፤ ውበት ግን አትጠብቁበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልብ በሉ። በሳጥኑ ውስጥ የሚያልፈው በገመድ የሚመጣ ምስል ብቻ ነው። ቲቪው ውስጥ በተጫነ አፕ የምታዩት ፊልም በሳጥኑ አያልፍም። የምታዩት ሁሉ በቲቪው አፕ ከሆነ ሳጥኑ አይጠቅማችሁም።

ደረጃ 1፦ የማጫወቻውን መውጫ እወቁ

ማጫወቻውን አዙሩና ጀርባውን እዩ። ኤችዲኤምአይ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ከሌለው ምርጡ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ሆኖ በ3 ገመድ የሚወጣው ኮምፖነንት ነው። ክቡ ባለ 4 ሽቦ ኤስ ቪዲዮ ከሱ ቀጥሎ ይመጣል። ቢጫው መሰኪያ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ብርሃኑንም ቀለሙንም በአንድ ሽቦ አደባልቆ ስለሚልክ።

በኮምፖነንት ጊዜ ቀዩ ሁለት መሆኑን አትርሱ። አንዱ የምስል፣ ሌላው ከነጩ ጋር የሚሄድ የድምፅ ነው። ከተቀያየሩ ቀለሙ ይበላሻል፣ ድምፁም በአንድ ጎን ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ የሳጥኑን አቅጣጫ አረጋግጡ

ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውና ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይረው መልካቸው አንድ ነው። ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው፣ አንዱ የሌላውን አይሠራም። ‹ኢን› የተባለው ጎን ከማጫወቻው ጋር ካልገጠመ ሳጥኑን መልሳችሁ ቀይሩት። ገመድ በመለዋወጥ የሚፈታ ችግር አይደለም።

ደረጃ 3፦ አገናኙ

ሁሉንም ከኤሌክትሪክ ንቀሉ። ከማጫወቻው መውጫ ወደ ሳጥኑ ‹ኢን› አንድ ገመድ፣ ከሳጥኑ ‹አውት› ወደ ቲቪው ኤችዲኤምአይ ሌላ ገመድ። ይኸው ነው። ቲቪው ላይ ‹ኤአርሲ› ተብሎ የተጻፈበትን፣ የቲቪውን ድምፅ ወደ ውጭ የሚልከውን መሰኪያ ለሳውንድ ባር ወይም ለአምፕሊፋየር ተዉት። በአንዳንድ ቲቪ ላይ ሙሉ 4ኬ የሚቀበሉት ጥቂት መሰኪያዎች ብቻ ናቸው፤ ምልክታቸውን እዩ።

ትንንሾቹ ኮንቨርተሮች ኃይል የሚያገኙት በዩኤስቢ ነው። የቲቪው ዩኤስቢ ብዙ ጊዜ 0.5 አምፔር ብቻ ስለሚሰጥ ላይበቃቸው ይችላል። ምስሉ እየጠፋ እየመጣ ካስቸገራችሁ የ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ተጠቀሙ።

ለኤችዲኤምአይ ገመድ ውድ ስም አያስፈልግም። በሰከንድ 60 ምስል ለሚሄድ 4ኬ ‹ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ› የሚል ማረጋገጫ ያለው፣ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ገመድ ይበቃል። ለ120 ምስል ‹አልትራ ሃይ ስፒድ› የሚባለውን ባለ 48 ጊጋቢት ፈልጉ። ረጅምና በፋይበር የሚሠራ ከሆነ አቅጣጫ አለው፤ ‹ዲስፕሌይ› የተባለው ጫፍ ወደ ቲቪው ይግባ።

ስታበሩ ቲቪውን አስቀድሙ፣ ከዚያ ሳጥኑን፣ በመጨረሻ ማጫወቻውን። ሳጥኑ ሲነሳ ቲቪው ምን ዓይነት ምስል እንደሚቀበል በገመዱ ይጠይቀዋል። ቲቪው ቀድሞ ነቅቶ ቢጠብቀው ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ሳጥኑ ምን እንዲያወጣ ንገሩት

ሳጥኑ ከቻለ የስክሪኑን ልክ አውጡበት፤ ለ4ኬ ቲቪ 2160ፒ፣ ማለትም ባለ 2160 መስመር ምስል። ከ1080ፒ በላይ ካልወጣ 1080ፒ ስጡት። 4ኬ ማለት 1080ፒ በወርዱም በቁመቱም በትክክል እጥፍ ስለሆነ ቲቪው ብዙ አይቸገርም።

የምስሉን ፍጥነትም አዛምዱ። ፓልና ኤንቲኤስሲ የድሮ ቲቪ ሁለት የምስል ሥርዓቶች ናቸው፤ በፓል የተቀረጸ ነገር በሰከንድ 50፣ በኤንቲኤስሲ የተቀረጸ 60 ይሁን። ካልተዛመደ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ እየተቆራረጠ ሲሄድ ታያላችሁ።

ማጫወቻው በኤችዲኤምአይ የተያያዘ ዲቪዲ ከሆነ በራሱ ሴቲንግ ምስል ማሳደጉን አጥፉት። ከቻለ 480አይ ወይም 576አይ፣ ማለትም በሁለት ዙር የሚላከው የዲቪዲው የራሱ ምስል፣ ይላክ። ጥሬውን ለሳጥኑ ስጡት።

ደረጃ 5፦ ቲቪውን አሳርፉት

ከሁሉም በላይ ልብ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ጥሩ ሳጥን ገዝቶ ለውጥ አላየሁም የሚለው ይህን ስለሚዘለው ነው። ሳጥኑ አንዴ ያስተካከለውን ምስል ቲቪው በራሱ መንገድ እንደገና ካስተካከለው ሥራው ከንቱ ይቀራል። ማስተካከሉን አንዱ ብቻ ይሥራው።

መጀመሪያ ሳጥኑ የገባበትን ኤችዲኤምአይ በሪሞት ክፈቱ። ብዙ ቲቪዎች ሴቲንጉን ለየመሰኪያው ለብቻ ነው የሚይዙት፤ በሌላኛው ላይ ያስተካከላችሁት እዚህ አይሠራም።

ከዚያ የምስሉን መጠን እዩ። ብዙ ቲቪ ከልማድ የምስሉን ዳር ዳር ቆርጦ ቀሪውን ይለጥጠዋል። ‹ጀስት ስካን›፣ ‹ስክሪን ፊት› ወይም ‹ፉል ፒክስል› የሚል ምርጫ ፈልጉና አብሩት። አንዷ ፒክስል ባለችበት አንዷ እንድትታይ የሚያደርገው እሱ ነው። የድሮ ምስል ቅርጹ 4 ለ3 ነው። ግራና ቀኝ ጥቁር ቢቀር ተዉት፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ሰው ከሚወፍር ስክሪን ቢተርፍ ይሻላል።

ቀጥሎ ማጥፋት ነው። ‹ኖይዝ ሪዳክሽን› ይጥፋ። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው ይጥፋ። ‹ዳይናሚክ ኮንትራስት› ይጥፋ። ‹ሻርፕነስ› ዝቅ ይበል፤ በአንዳንድ ቲቪ ምንም የማይጨምረው 0 ላይ ሲሆን በሌላው መሃል ላይ ነው። በፊደል ጠርዝ ዙሪያ ነጭ መስመር እስኪጠፋ ዝቅ አድርጉት። ለጌም ከሆነ ‹ጌም ሞድ› አብዛኛውን በአንድ ጊዜ ያጠፋላችኋል፤ በተጫናችሁትና በምታዩት መሃል ያለውን መዘግየትም ይቀንሳል።

4ኬ ለሚያወጣ ሳጥን መሰኪያውን ሙሉ በሙሉ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ሳምሰንግ ‹ኢንፑት ሲግናል ፕላስ›፣ ኤልጂ ‹ዲፕ ከለር›፣ ሶኒ ‹ኢንሃንስድ ፎርማት› ይሉታል።

በመጨረሻ የጥቁሩን ልክ አዛምዱ። ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ብርሃን በቁጥር ይላካል፤ የቪዲዮ ጥቁር 16 ላይ ጀምሮ ነጩ 235 ላይ ያበቃል። የኮምፒውተር ከ0 እስከ 255 ነው። ሌሊት የሚታይበት ትዕይንት ክፈቱ። ጥቁሩ ግራጫ መስሎ ከፈዘዘ ቲቪው ሰፊውን እየጠበቀ ሳጥኑ ጠባቡን እየላከ ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ጨልሞ ከጠፋ ነገሩ ተገልብጧል። ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ድምፅ

ድምፁ ከምስሉ ጋር በሳጥኑ ካለፈ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። ድምፁን ከማጫወቻው በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየር ከወሰዳችሁት ግን ቀድሞ ይደርሳል፤ ሳጥኑ ምስሉን ለማስተካከል ጊዜ ስለሚወስድ። አምፕሊፋየሩ ላይ ‹ሊፕ ሲንክ› ወይም ‹ኦዲዮ ዲሌይ› ፈልጉ። የሚያወራ ሰው ከንፈር እያያችሁ 10 ሚሊሰከንድ 10 ሚሊሰከንድ እየጨመራችሁ አስማሙት።

እምቢ ሲል

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ቢጫው ገመድ አረንጓዴው መሰኪያ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ሳጥኑ ፓል ሲጠብቅ ኤንቲኤስሲ ደርሶታል።

ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ከታዩ ገመዱ የሚላከውን የመረጃ መጠን አልቻለም። ገመድ ቀይሩ ወይም ወደ 1080ፒ ዝቅ በሉ። ለውጥ ከመጣ ጥፋተኛው ታውቋል።

ሌላው ሁሉ እየሠራ የ4ኬ ፊልም ብቻ ጨልሞ ከቀረ ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ማጫወቻው፣ ሳጥኑና ቲቪው ሁሉም ኤችዲሲፒ 2.2 እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ከመሃል አንዱ አሮጌ ከሆነ ፊልሙ ወይ ወደ 1080ፒ ይወርዳል ወይ አይታይም። ይህን ሴቲንግ አይፈታውም። ማጫወቻውን በቀጥታ ወደ ቲቪው ውሰዱትና ሳጥኑን ለድሮዎቹ ዕቃዎች ተዉት።