ከጥምቀት በፊት ተንሳፋፊው የጀልባ ማረፊያ ለምን አዘነበለ?

ጣና ሐይቅ ላይ ያለው የክበባችን የጀልባ ማረፊያ በ20 ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎች ላይ የተሠራ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ በሐይቁ በኩል ያለው ጠርዝ አንድ ስንዝር ሰመጠ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ጣውላው ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል ተብሎ። በርሜሎቹን መታ መታ ስናደርግ ግን ሦስቱ የታፈነ ድምፅ ሰጡ። ውሃ ገብቶባቸዋል።

የክዳናቸው ጓርኒሲዮን (ውሃ እንዳያስገባ የሚያሽገው ጎማ) ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከእያንዳንዱ በርሜል ሁለት ክዳኖች አንዱ ደግሞ ከውሃ በታች ሆኖ ታስሯል። ቀን በርሜሉ ሲግል አየር ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ በዚያው ስንጥቅ ውሃ ይስባል። ውሃውን ደፍተን አደረቅናቸው፣ ጓርኒሲዮን ቀየርን፣ ዙሪያውን ሲሊከን ቀብተን 24 ሰዓት አቆየናቸው። ሲመለሱ ሁለቱ ክዳኖች በአግድም ትይዩ እንዲሆኑ አሰርናቸው፤ በርሜሉ እስከ ግማሹ ካልሰመጠ ሁለቱም ከውሃ በላይ ይቆያሉ።

ሌላው ጥፋት ገመዱ ነው፣ ይሄ በየዓመቱ የሚደገም ነው። መስከረም ላይ ጣና ሞልቶ ሳለ በአጭሩ ይታሰራል፤ ውሃው ሲጎድል የየብሱ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቋጠሮውን ትተን በብረት ምሰሶው ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚንሸራተት ሰፊ ቀለበት አስገባን።

ለበዓሉ የሰው ቁጥርም ተወሰነ። አንድ በርሜል 190 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ ሃያው 3,800። ግማሹን ብቻ ወስደን የመድረኩን 900 ኪሎ ስንቀንስ 1,000 ይቀራል፦ 14 ሰው፣ ያውም ጠርዝ ላይ ሳይከማቹ።